ኮዱ እምቢ ሲል ናሙና አንቀንስ



ባለፈው ሳምንት ከዐስር ሶላት በኋላ በምንሰጠው የማጠናከሪያ ትምህርት ላይ አንዲት እህታችን የስታቲስቲክስ ፕሮጀክቷን ይዛ መጣች። 200 ሰው የሞላው መጠይቅ አላት። የፓይተን ኮዷ ግን የቤታ ዲስትሪቢውሽንን ለማስላት ጋማ ፈንክሽን ጋ ሲደርስ «ኦቨርፍሎው ኤረር» ብሎ ይቆማል። ከእኛ ከአስጠኚዎቹ አንዱ «ናሙናውን 150 አድርጊው፣ ይሠራልሻል» አላት። እውነትም ሠራ። እኛም አይተን ዝም አልን። ይህን የምንጽፈው ያ ዝምታ ስላሳፈረን ነው።

ጋማ ፋክቶሪያልን ወደ ክፍልፋይ ቁጥሮች ያሰፋ ፈንክሽን ነው። የ5 ጋማ የ4 ፋክቶሪያል፣ ማለትም 24 ነው፤ የ0.5 ጋማ ደግሞ የፓይ ስኩዌር ሩት፣ 1.77 ገደማ። የፓይተን ማት ላይብረሪ ይህን በአንድ መስመር ይሰጠናል። ችግሩ እድገቱ ነው። መልሱ የሚቀመጥበት ባለ 64 ቢት የነጥብ ቁጥር ከ309 አሃዝ በላይ አይችልም። የ171 ጋማ ይገባል፣ የ172 አይገባም። ስኒው ሞላ እንጂ ቡናው አልተበላሸም።

መፍትሔው እዚያው ላይብረሪ ውስጥ አለ፤ ስሙ ኤልጋማ ነው፣ የጋማን ሎጋሪዝም ይሰጣል። የ200 ኤልጋማ 857.93 ገደማ ብቻ ነው። የፕሮባቢሊቲ ቀመሮች ብዙውን ጊዜ አንዱን ጋማ ለሌላው ስለሚያካፍሉ፣ ሎጋሪዝሞቹን ቀንሶ መጨረሻ ላይ በኤክስፖኔንሻል መመለስ ይበቃል። የ200 ጋማ ለ198 ጋማ ሲካፈል 39402 ነው፤ በዚህ መንገድ ከነጥብ በኋላ ኢምንት ስህተት ይዞ ይመጣል። (ለኔጌቲቭ ቁጥሮች ግን ኤልጋማ የመልሱን ምልክት እንደሚጥል አትርሱ።)

ከመካከላችን «ላይብረሪ መጠቀም ስንፍና ነው፣ ሉፑን ራሳችን እንጻፍ» የሚሉ አሉ። ለመማር ከሆነ ይጻፉት። ለፕሮጀክት ግን አንስማማም፤ በነጥብ ቁጥር የሚያባዛ ሉፕም እዚያው 171 ላይ ይሞላል፣ የ0.5ን ጋማ ደግሞ ጭራሽ አያውቀውም።

የጣልናቸው 50 መጠይቆች ሰዎች ከጊዜያቸው ቀንሰው የሞሏቸው ናቸው። እህታችንን መልሰን ጠርተን፣ አፉ በይን ብለን፣ ኮዱን አብረን አስተካክለናል፤ 200ውም ተመልሰዋል። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ፣ ኢንሻአላህ፣ ማንም አስጠኚ ኤረሩን ከተማሪው ጋር ሳያነብ ኮድ አይነካም።