የአያቴ 11 ሴኮንድ

አያቴ ባለፈው ዓመት ከሚሴ ላይ ካረፈች በኋላ ስልኬን ስበረብር ብዙ ፎቶ አገኘሁ፤ በዒድ፣ በሠርግ፣ ልጄን ታቅፋ። ድምጿ ያለው ግን በአንድ ቪዲዮ ብቻ ነው። ልጄ ግቢው ውስጥ ሲሮጥ ከጀርባ «ኑ እንጂ፣ ቡናው ቀዘቀዘ» ትላለች። 11 ሴኮንድ።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። የማላውቃቸውን ደንበኞች አስተያየት ለሰዓታት ስቀዳ እውላለሁ። አያቴ ኦሮምኛና አማርኛ እያቀላቀለች የምታወጋውን፣ ቡና ስታፈላ የምታንጎራጉረውን መንዙማ ግን አንድም ቀን አልቀዳሁም።

ቁጭቱን የቀሰቀሰብኝ የሀሊም ኤል-ዳብህ ታሪክ ነው። ግብፃዊው ኤል-ዳብህ እ.ኤ.አ. በ1944 ካይሮ ውስጥ ግብርና የሚያጠና ወጣት ነበር። ድምፅን በቀጭን ሽቦ ላይ የሚቀዳ መሣሪያ ከሬዲዮ ጣቢያ ተውሶ ሴቶች ወደሚያዜሙበት የዛር ሥርዓት ሄደ። ዛር እኛም አገር የምናውቀው ነው። የቀዳውን ዜማ ጣቢያው ውስጥ እያስተጋባ፣ አንዱን ድምፅ እያጎላ ሌላውን እየቀነሰ መልሶ ቀዳውና ሌላ ሙዚቃ ሠራበት። ለዚህ ዓይነቱ ሙዚቃ ፈር ቀዳጅ የሚባለው ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር የታወቁ ሥራዎቹን ያቀረበው ከ4 ዓመት በኋላ፣ በ1948 ነው። ከኤል-ዳብህ ቅጂ ዛሬ የሚሰማው የ2 ደቂቃ ያህል ቁራጭ ነው።

በኋላ አሜሪካ ሄዶ በኮሎምቢያና ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዎች የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ሠራ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። እዚህ ማሽን አላስቀደመም፤ ተጫዋቾቹን አዳመጠ። ክራሩን፣ ማሲንቆውን፣ በገናውን፣ ዋሽንቱን በአንድ መድረክ አሰባስቦ በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ። ኋላ ተስፋዬ ለማ የመራው ታዋቂው ቡድን ይኸው ነው። ኤል-ዳብህ በ2017፣ በ96 ዓመቱ አሜሪካ ውስጥ አረፈ።

እሱ መሣሪያ ለምኖ የሄደበትን ነገር እኛ ኪሳችን ውስጥ ይዘን እንዞራለን። ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ በዚህ በዓል ወላጆቻችሁን አስፈቅዳችሁ ቅዱ። ስልኩን የበረራ ሁነታ ላይ አድርጋችሁ አጠገባቸው አስቀምጡት፤ ጥሪ አያቋርጣችሁም። «ስለ ሕይወትሽ ንገሪኝ» ከማለት «ሠርግሽ ዕለት ምን ተበላ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ፋይሉ ላይ ስምና ቀን ጽፋችሁ ሌላ ቦታም ገልብጡት፤ ስልክ ይጠፋል።

ባለፈው ወር ከሚሴ ሄጄ «አክስቴ፣ ልቅዳሽ?» አልኳት።

«የኔ ድምፅ ደግሞ ምን ይረባል!» ብላ ሳቀች። ከዚያ 40 ደቂቃ አወጋችኝ። መሐል ላይ በደሴ መንገድ የሚያልፍ ከባድ መኪና ጥሩምባውን ነፋ። አልቆረጥኩትም። የከሚሴ ድምፅ ነው።