የቤተሰብ የስልክ ፕላን ደንብ ይኑረው

ዘመድ ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ ሲመጣ ከአየር ማረፊያ ተቀብለን፣ አብልተንና አሳርፈን፣ በማግስቱ የምናስበው ስልክ ማውጣት ነው። አዲስ ገቢው ገና ክሬዲት ስለሌለው ክሬዲት ያለው አጎት ወይም ወንድም በራሱ አካውንት ላይ አንድ ላይን ይጨምርለታል። ላይን ሲበዛ የእያንዳንዱ ዋጋ ስለሚቀንስ ነባሩም ይጠቀማል። ይህ መረዳዳት ደግ ነገር ነው፤ እንዲቀርም አልፈልግም። የምከራከረው አጀማመሩ ላይ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የምሠራው የታክስ ሥራ ነው። ደንበኞቼ ግን የስልክ ቢልም አብረው ይዘው ይመጣሉ፤ ብዙ ጊዜም የሚመጡት ተኳርፈው ነው። በቅርቡ አንድ ወንድምና እህት ቢላቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተውልኝ አነበብኩላቸው። እህት ዳላስ ሥራ አግኝታ ራሷን ችላ ከወንድሟ ፕላን ልትወጣ ነው። ስልኳ 720 ዶላር ተተምኖ ለ36 ወር ተከፋፍሏል፤ በየወሩ 20 ዶላር ይታሰባል፣ ከሥሩ ደግሞ ያው 20 ዶላር በቅናሽ ይመለሳል። ከተወሰደ ገና 12 ወሩ ነው። እሷ ስትወጣ ቅናሹ ይቆማል፤ ቀሪው 480 ዶላር በአንድ ጊዜ በወንድሟ ስም ይመጣል። «ነጻ ነው ተብሎ አይደል እንዴ የተሰጠኝ?» አለች። «እኔስ መቼ ውሰጂ አልኩሽ?» አላት። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ያጣላቸው መጀመሪያ ሳይነጋገሩበት የቀረው ጉዳይ ነው።

ከገንዘቡ የሚብሰው የቁጥሩ ጉዳይ ነው። የባንክ ኮድ የሚመጣው፣ አሠሪ የሚደውለው፣ አገር ቤት ያለች እናት የምታውቀው በዚያ ቁጥር ነው። ላይኑ በሌላ ሰው አካውንት ላይ ከሆነ ግን ወደ ሌላ ኩባንያ ለመውሰድ የአካውንት ቁጥርና የማዘዋወሪያ ፒን ያስፈልጋል፤ እነዚህ ደግሞ በባለ አካውንቱ እጅ ናቸው። ከ2003 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሞባይል ቁጥርን ይዞ ኩባንያ መቀየር መብት ነው። አሮጌው ኩባንያ ቀሪ ዕዳ አለ ብሎ ቁጥሩን መከልከል አይችልም፤ ዕዳው ግን ባለ አካውንቱን ይከተላል። ወንድም ተቆጥቶ ፒኑን አልሰጥም ካለ መብቱ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ከኩርፊያ ያለፈ ችግር ያለባቸውም አሉ። ባሏ የሚደበድባት ሴት ስልኳ በእሱ ስም ሲሆን ለማን እንደደወለች ማየት ይችላል፤ ሲፈልግም ያዘጋባታል። በ2022 የወጣው ሴፍ ኮኔክሽንስ አክት የሚባለው ሕግ ለዚህ የተሠራ ነው። የቤት ውስጥ ጥቃት የደረሰባት ሰው ማስረጃ አቅርባ ስትጠይቅ፣ የቴክኒክ እክል ከሌለ በቀር፣ ኩባንያው በ2 የሥራ ቀን ውስጥ የእሷንና የምታሳድጋቸውን ልጆች ላይን ከበዳዩ አካውንት መለየት አለበት፤ ለመለየትም ክፍያ መጠየቅ አይችልም። ይህን ሕግ በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱና በየኮሚኒቲ ማኅበሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በአማርኛ ተለጥፎ ማየት እፈልጋለሁ።

ዕቁብ ስንጥል ዳኛና ጸሐፊ እንሰይማለን፣ ዋስ እንጠራለን። ብራችንን ለዓመታት የሚያስረውን የስልክ ፕላን ግን በአፍ እሺታ እንጀምረዋለን። ለእሱም ደንብ እናውጣለት። ስልክ በየወሩ እየተከፈለ የሚወሰድ ከሆነ ወሳጁ ከመሄዱ በፊት ቀሪውን እንደሚከፍል አስቀድሞ ይስማማ። ባለ አካውንቱም የሚሄደው ሰው በጠየቀ ጊዜ ፒኑን ሊሰጥ ቃል ይግባ። ቢሉ በየወሩ ለሁሉም ይላክ። አዲስ ገቢው ዓመት ሞልቶት ክሬዲት ሲገነባ፣ ቁጥሩ በራሱ ስም ይዛወርለት። የሚዛወር ሰው ቁጥሩ አዲሱ ኩባንያ ዘንድ እስኪሠራ ድረስ አሮጌውን ላይን አያዘጋ፤ ቀድሞ ካዘጋ ቁጥሩን ሊያጣ ይችላል።

ፕላን ስትመርጡም ከስልኩ ሳይሆን ከሰዉ ጀምሩ። ቀኑን ሙሉ ቤት የምትውል፣ አገር ቤት በዋትስአፕ የምትደውል እናት ዋይፋይ አላት፤ ትንሹ ፕላን ይበቃታል። ኡበር የሚነዳው ልጅ ግን ኢንተርኔት ሊያልቅበት አይገባም። ማን ምን ያህል እንደሚጠቀም ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ተጽፏል። የክሬዲት ምርመራ የማይጠይቁ ቅድመ ክፍያ ፕላኖችም አሉ። የትልልቆቹን ኔትወርክ ተከራይተው በርካሽ የሚሸጡ ትንንሽ ኩባንያዎችም እንዲሁ፤ ሰው በበዛበት ሰዓት ፍጥነታቸው ሊቀንስ ቢችልም ለብዙ ቤት ይበቃሉ። ከ2024 ወዲህ ሻጩ የወር ዋጋውንና ተጨማሪ ክፍያዎቹን በግልጽ የሚያሳይ መለያ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ሳትፈርሙ ጠይቁት።

ዘመድ ማሳረፍ ባህላችን ነው። ያሳረፍነው ሰው በራሱ ስም እንዲቆም መርዳትም የዚሁ ባህል ክፍል ይሁን። አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ተስማምቶ መፈረም ዘመድን አለማመን አይደለም፤ ዝምድናውን ከ480 ዶላር ጠብ ማዳን ነው።