የሀገር ልጅ ብዬ መኪናዬን ሰጠሁት

ይህን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ አጥፍቼዋለሁ። «ተው፣ የሀበሻን ገበና አደባባይ አታውጣ» የሚሉኝ ስለበዙ ነው። ዛሬ ግን አላጠፋውም።

እኔና ሁለት ጓደኞቼ በዕቁብ ገንዘብ አንዲት አሮጌ ፕሮቦክስ ገዝተን ጠዋት ጠዋት ከኢስሊ እንጀራ ጭነን ሃርሊንግሃም እናደርሳለን። የሦስት ቤት ኪራይ ያለው እሷ ላይ ነው። አንድ ቀን ሞተሯ መፍላት ጀመረና የሀገራችን ልጅ ጋራዥ ወሰድናት። ኮፈኑን ከፍቶ አምስት ደቂቃ እንኳ ሳያያት «የቴስታታ ጓርኒሲዮኗ ተበልቷል፣ ሞተር ይከፈታል» አለ። በ38 ሺህ ሽልንግ ተስማማን፤ 25 ሺውን እዚያው ቆሜ በኤምፔሳ ላክሁለት። ደረሰኝ ስጠይቀው «በወንድማማች መካከል ምን ደረሰኝ አለ?» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እኔም አፈርኩ። ያፈርኩት እኔ ነኝ፣ ልብ በሉ!

ሦስት ቀን የተባለው አምስት ሳምንት ሆነ። ዛሬ ዕቃ ከሞምባሳ እየመጣ ነው፣ ነገ መካኒኩ ታሟል። እኛ እንጀራውን በቦዳቦዳ ስናመላልስ ግማሹ እየተቀደደ ደንበኞች ተዉን። በመጨረሻ ቀሪውን 13 ሺህ ከፍለን አወጣናት። በሁለተኛው ቀን ቲካ መንገድ ላይ እንደገና ፈላች።

ጎትተን ግሮጋን ወሰድናት። ኪሪንያጋ መንገድ ላይ ከፀሐይ በታች የሚሠራ አንድ ሙዜ ከፍቶ አየና ጠራኝ። የቴስታታው ብሎኖች ላይ የቆየው ዘይትና አቧራ እንዳለ ነው፣ ቁልፍ ነክቷቸው አያውቅም። የተበላሸው ቴርሞስታቷ ነበር፤ ከነጉልበቱ 2,500 ሽልንግ ጨረሰልኝ። ቀጥሎም በዳይናሞው ላይ ጣቱን አሳየኝ። ከአራት ወር በፊት አዲስ ያስገባነው የለም፤ በቦታው ዝገት የበላው አሮጌ ተቀምጧል።

ተመልሼ ሄድኩ። ሰውየው አልካደም፣ አልተቆጣምም። ፈገግ ብሎ «ሎግቡኩ በማን ስም ነው? ማንዴትህስ መቼ ነው የሚያልቀው? ከፈለግህ ፖሊስ ጣቢያ አብረን እንሂድ» አለኝ።

እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ሌባ መካኒክ ናይሮቢም፣ ካምፓላም፣ አዲስ አበባም ሞልቷል። ይሄኛው ግን እሱም እንደኛ ስደተኛ ነው። ፖሊስ ስናይ መንገድ የምንቀይረው ለምን እንደሆነ ያውቃል፣ መኪናችን በሰው ስም የሆነችው ለምን እንደሆነ ያውቃል። ፍርሃታችንን እንደ ክሪክ ከሥራችን አስገብቶ ያነሳናል።

ሽማግሌ ላክን። ሽማግሌዎቹ ቡና ጠጥተው «ሁለታችሁም ተቻቻሉ» ብለው ተመለሱ። አባቶቼ፣ አከብራችኋለሁ፤ ግን እኔ ምኑን ነው የምችለው? እሱ ዳይናሞዬን ይዟል፣ እኔ የእሱን ምን ይዣለሁ? በኋላ ስጠይቅ እኮ በዚያው ጋራዥ እንዲህ የሆኑ ሌሎችም አሉ። ሁሉም ዝም ያሉት ለሀበሻ ስም ብለው ነው። በዝምታቸው ነው እኔም የገባሁት።

ፍርሃቱን ግን ትንሽ እናንሳው። የኬንያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 46 ተገቢ ጥራት ያለው ዕቃና አገልግሎት የማግኘት መብት ለሸማች ይሰጣል። ዜጋ አይልም፣ ሸማች ነው የሚለው። አንቀጽ 48ም ፍትሕ ለሁሉም ሰው ይላል። ከ2021 ጀምሮ ሚሊማኒ ላይ የትንንሽ ክሶች ፍርድ ቤት አለ፤ እስከ 1 ሚሊዮን ሽልንግ የሆነ ክርክር ያያል፣ ጠበቃ ግድ አይልም፣ በሕጉ መሠረት ጉዳዩ በ60 ቀን ማለቅ አለበት። በጥብቅ የማስረጃ ሥርዓትም አይታሰርም። ደረሰኝ ባይኖረኝ የኤምፔሳ መልእክቶቹ ስልኬ ላይ አሉ፣ የሙዜው ደረሰኝና የብሎኖቹ ፎቶም አለ። ሎግቡኩ የተመዘገበባት እህታችንም አብሬህ እቆማለሁ ብላኛለች።

«ስሙን ለምን አትጽፍም?» የምትሉ አላችሁ። ዳኛ ሳይፈርድ አልጽፍም። ሌላም ምክንያት አለኝ፦ እዚያው ኢስሊ ውስጥ በሐቅ የሚሠሩ፣ አሮጌውን ዕቃ በካርቶን አድርገው የሚመልሱልን የሀገር ልጆች አሉ፤ በጅምላ እንዲሰደቡ አልፈልግም።

ሰኞ ጠዋት ሚሊማኒ እሄዳለሁ። እዚያው ጋራዥ ገንዘብ ከፍላችሁ መልእክቱን ያላጠፋችሁ ካላችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ብቻዬን ከምገባ ሦስት አራት ሆነን ብንገባ ይሻላል። ማንዴታችሁ ያለቀባችሁም ጻፉልኝ፣ ስማችሁን ለማንም አልሰጥም።