ችግኝ ወይስ ማገዶ?

የአዲስ ዓለም ታሪክ የማገዶ ታሪክ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ ዓ.ም. መናገሻቸውን ወደዚያች ከተማ ለማዛወር የተነሡት በአዲስ አበባ ዙሪያ ደኑ ተመናምኖ እንጨት ስለጠፋ ነበር። ባሕር ዛፍ ደረሰና አዲስ አበባ ከመፈታት ዳነች፤ በአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥትም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ዛሬ ደግሞ ማገዶ እየቀየርን ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ፤ የሕዳሴው ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ኤሌክትሪኩ የራሳችን ነው። ለመሆኑ ኤሌክትሪኩን የሚሸከመው ባትሪ የማን ነው?

«ሊቲየም አለን፤ ቀንጢቻ አለ» የሚሉ ጥቂቶች አይደሉም። በጉጂ ምድር ሊቲየም መኖሩ እውነት ነው። ድንጋይ ግን ባትሪ አይደለም፤ ምስጢሩ ያለው ዱቄቱ ላይ ነው። የሊቲየም ብረት ፎስፌትን ለአብነት እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1997 ከጆን ጉድኢናፍ ቤተ ሙከራ ይፋ ሲሆን ርካሽና አስተማማኝ ቢሆንም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ዐቅሙ እጅግ ደካማ ነበር። መፍትሔው ማድቀቅ ሆነ። ቅንጣቱ ወደ ሚሊሜትር ዐሥር ሺህኛ ሲወርድ ሊቲየሙ የሚጓዘው መንገድ ያጥራል፤ በስስ ካርቦን ሲለበስም ኤሌክትሮኑ መተላለፊያ ያገኛል። «ናኖ» የሚባለው ይኸው ነው። ዕዳም አለበት፤ ቅንጣት ባነሰ ቁጥር ጠቅላላ ገጹ ይሰፋል፣ ከባትሪው ፈሳሽ ጋር የሚፈጠረው ያልተፈለገ ውህደትም ይበዛል። ይህን ሚዛን መጠበቅ ዕውቀት ነው፤ ገንዘብ የሚያወጣውም እርሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ የሰላም ኖቤልን ሲሸለሙ፣ የኬሚስትሪው ለጉድኢናፍና ለሁለት ባልደረቦቹ በሊቲየም ባትሪ ተሰጠ። ስለ መጀመሪያው ስንት ተጨቃጨቅን! ስለ ሁለተኛውስ ማን አነሣ?

«ከቻይና ጋር እንዴት እንወዳደራለን?» የሚል አይጠፋም። ነገ ግዙፍ ፋብሪካ ይቁም ያለ የለም። ነገር ግን ከአዲስ ዓለም አልፎ በዚያው መንገድ ላይ አምቦ ዩኒቨርሲቲ አለ። እርሱና መሰሎቹ ዱቄት የሚያበስሉበት ምድጃ፣ ባትሪ የሚፈትሹበት መሣሪያ ቢኖራቸው፣ የማዕድን ውልም ሲፈረም ለምርምር የሚውል ድርሻ ቢታሰርበት ከዐቅማችን በላይ አይደለም። ይህ ካልሆነ ድንጋዩን በቶን ሸጠን ባትሪውን በውጭ ምንዛሪ የምንገዛ እንሆናለን። ቡና ይህን አስተምሮናል።

ባሕር ዛፍም ከውጭ የመጣ ነው። አዲስ አበባን ያዳናት ግን በገዛ አፈሯ ላይ ስለበቀለ ነው። አባቶቻችን ያስመጡት ችግኝ እንጂ ማገዶ አልነበረም።

ቸር ይግጠመን።