ጠባቂ የሌለው የዝናብ መለኪያ

በምዕራብ ጎጃም በየትምህርት ቤቱና በየአርሶ አደር ማሰልጠኛ ማዕከሉ አነስተኛ የአየር ሁኔታ ጣቢያ ይተከል ቢባል የሚቃወም ብዙ አይገኝም። እኔም አልቃወምም። ጥያቄዬ ሪባን ተቆርጦ እንግዳው ከተሸኘ በኋላ ያለውን ይመለከታል። የሚያጸዳውና የሚፈትሸው ሰው አስቀድሞ ያልተመደበለት ጣቢያ ባይተከል ይሻላል፤ የተበላሸ መለኪያ ዝም አይልምና፣ ቁጥር መስጠቱን ይቀጥላል።

በብዙዎቹ አውቶማቲክ የዝናብ መለኪያዎች ውስጥ ተራ በተራ እየሞላ የሚደፋ መንታ ማንኪያ አለ፤ አንዱ መደፋት ብዙ ጊዜ 0.2 ሚሊ ሜትር ተብሎ ይመዘገባል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ወይም የሸረሪት ድር ቀዳዳውን ከዘጋው ፍኖተ ሰላም በሐምሌ ዶፍ እየታጠበች መዝገቡ 0 ይላል፤ ያ 0 ደግሞ ከድርቅ 0 በምንም አይለይም። ቋሚው ካዘመመ ማንኪያዎቹ እኩል አይሞሉም፤ ስለዚህ የግንበኛ ውኃ ልክ እዚህም ያስፈልጋል። ከዛፍና ከቤት የሚኖረው ርቀት ቢያንስ የከፍታቸው እጥፍ ይሁን። የሙቀት መለኪያውም ከቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ወርዶ፣ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ከፍ ብሎ፣ ነፋስ በሚያስገባ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ፤ አለዚያ የሚለካው የቆርቆሮውን ግለት ነው። ፍተሻው ቀላል ነው፦ የአፉ ስፋት 200 ካሬ ሴንቲ ሜትር በሆነ መለኪያ ላይ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውኃ ቀስ ተብሎ ሲንጠባጠብ 25 ሚሊ ሜትር መመዝገብ አለበት።

ሳተላይት እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን የሚል አይጠፋም። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ራሱ የሳተላይት ግምትን ከምድር ጣቢያዎች ልኬት ጋር አዋህዶ ነው የሚሠራው። በኢንፍራሬድ የሚሠራው ግምት የሚያነበው የደመናውን አናት ቅዝቃዜ ነው፤ በተራራማ አገር ግን ዝናቡ ሞቅ ካለና ዝቅ ካለ ደመናም ስለሚወርድ ግምቱ ያንሳል። ከቡሬ ደጋና ወይና ደጋ ተነስቶ ወደ አባይ ቆላ በሚወርድ አገር ደግሞ የአንዱ ቀበሌ ዝናብ ለሌላው አይመሰክርም። ገበሬው ሰማዩን ያነባል የሚሉትም ልክ ናቸው፤ መቼ እንደሚዘራ ከማንም በላይ ያውቃል። የዘንድሮውን የሰኔ ዝናብ ከአሥር ዓመት በፊቱ ጋር በሚሊ ሜትር ማነጻጸር ግን መዝገብ ይፈልጋል፤ በዝናብ መጠን ላይ የተመሠረተ የሰብል መድንም ያለ መዝገብ አይታሰብም።

ጠንካራው ተቃውሞ የወጪው ነው። ባትሪ ያልቃል፣ መለዋወጫ ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቋረጣል፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት መዘጋቱ አይረሳም፤ መረጃውን በራሱ የማያስቀምጥ መሣሪያ በዚያ ጊዜ ምን ይጠቅማል? መፍትሔው በትንሹ መጀመር ነው። ዝናብን ብቻ የሚለኩ፣ ሰው በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የሚያነብባቸው ጣቢያዎች በአገራችን ከብዙ ዓመታት ጀምሮ አሉ፤ ባትሪም ኔትወርክም አይፈልጉም። የቡሬና የጃቢ ጠህናን ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች በመጀመሪያው ክረምት ይህንኑ ተራ መለኪያና ደብተር ያከፋፍሉ፤ ለሚያነበውም ትንሽ አበል ይቁረጡ። አውቶማቲኩ መስከረም ላይ ደብተሩ ሳይጓደል ለተገኘው ቀበሌ ይሰጥ፤ ተራውም አይነሳ፣ ለማመሳከሪያ አጠገቡ ይቆይ።