መንግሥቱ ይበልጣል ወይስ አዳነ?



በየካ ሰፈራችን የቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊ ሁለት ወገን ሆኖ እንደሚከራከር የታወቀ ነው። አባቶች «ከመንግሥቱ ወርቁ በላይ ላሳር!» ይላሉ። ልጆች ደግሞ «ያላየነውን አትንገሩን፤ አዳነ ግርማ ይበልጣል» ይላሉ። ክርክሩ ባልከፋ ነበር፤ ነገር ግን ስድብ አምጥቷል፤ አባትና ልጅ እስከ መኮራረፍ ደርሰዋል።

እኛ እንዲህ እንላለን። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ስንወስድ መንግሥቱ ጎል አግብቷል፤ በውድድሩም 3 ጎል አለው። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ ዋንጫው በተመለስን ጊዜ ደግሞ፣ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ በረኛችን በቀይ ካርድ ወጥቶ በ10 ሰው ስንጫወት፣ በዋንጫው ባለቤት በዛምቢያ ላይ አቻ ያደረገችንን ጎል ያገባው አዳነ ነው። ቀኑ አንድ፣ ክለቡ አንድ! ታዲያ በምን ሚዛን ይበላለጡ?

አዳነን በቴሌቪዥን ሁላችንም አይተናል። መንግሥቱን በዓይናቸው ያዩ ሽማግሌዎች ግን በየጊዜው እየተለዩን ነው። ስለዚህ ወጣቶች፣ ከመሟገት ይልቅ ጠይቁ፣ የሰማችሁትንም ጻፉ። አባቶችም ሳትቆጡ ንገሯቸው። ደብተሩን ማኅበሩ ያቀርባል።

የማኅበሩ ጸሐፊ