ያሬድ ባየህን በምን እንመዝነው?

የጎንደሩ ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያነሳ የዓመቱ ትልቁ ወሬ የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር ያስቆጠራቸው 29 ግቦች ነበሩ። ከጎንደር ወገንም ቢሆን ስሙ ቀድሞ የሚነሳው አጥቂው ሙጂብ ቃሲም ነው። ዋንጫውን ግን የአቡበከር ክለብ አልወሰደውም። የወሰደው የመሐል ተከላካዩ ያሬድ ባየህ በአምበልነት የመራው ቡድን ነው። ያ ዓመት ደግሞ ሊጉ በኮሮና ምክንያት ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ የተካሄደበት ነበር። ዐፄዎቹ የሚባሉት ፋሲሎች አንድም የሊግ ጨዋታ በጎንደር አልተጫወቱም። ከደጋፊው የራቀ ቡድን ሲደናገጥ የሚያረጋጋው ከውስጡ የሚወጣ ድምፅ ብቻ ነው። በጎንደር አካባቢ ካለው የኮሶዬ ገደል አፋፍ ቆላውን ቁልቁል የሚያይ ሰው መንገዱን ሁሉ በአንድ ጊዜ እንደሚያይ፣ ከአጥቂም ከአማካይም ይልቅ ሜዳውን ሙሉ ፊት ለፊቱ የሚያየው የመሐል ተከላካይ ነው። ስለዚህ አምበልነት ለእሱ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ፤ የምንመዝንበት ሚዛን ግን የተሠራው ለአጥቂ ነው።

መከላከል የአስራ አንዱም ሥራ ስለሆነ ለአንድ ሰው ሊቆጠር አይችልም የሚሉ አሉ። መከራከሪያቸው ቀላል አይደለም። ነገር ግን ከእኛ ርቆ የሚገኘው የሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሆኪ ሊግ ይህንን ችግር ተጋፍጦታል። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ ለምርጥ ተከላካይ ብቻ የሚሰጥ የኖሪስ ዋንጫ አለ። ስዊድናዊው ኒክላስ ሊድስትሮም 7 ጊዜ ወስዶታል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ የዲትሮይት አምበል ሆኖ የሊጉን ዋንጫ አንሥቷል። በዚያ ስፖርት አንድ ተጫዋች ሜዳ ላይ ሳለ ቡድኑ ያገባውና የገባበት ግብ ተደምሮና ተቀንሶ በስሙ ይመዘገባል። መለኪያው ጉድለት አለው፤ የጓደኛ ስህተትም በአንድ ሰው ስም ሊጻፍ ይችላል። ሆኖም ፍጹም ያልሆነ መዝገብ ምንም መዝገብ ካለመኖሩ ይሻላል። መዝገብ በሌለበት ተከላካይ የሚታወሰው በተሳሳተ ቀን ነውና።

ለዚህ ማስረጃው ራሱ ያሬድ ነው። ጥር 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በያውንዴ ከኬፕ ቨርዴ ጋር የአፍሪካ ዋንጫ የመክፈቻ ጨዋታዋን ስታደርግ በ12ኛው ደቂቃ በቀይ ካርድ ወጣ። ብዙ ተመልካች እሱን የሚያስታውሰው በዚያች ደቂቃ ነው። ጥፋቱን አላስተባብልም፤ ቡድኑን ጎድቷል። ግን አጥቂ ያለቀለት ኳስ ስቶ በሚቀጥለው ሳምንት ቢያገባ ይረሳለታል፤ የተከላካይ ስህተት ግን ማካካሻ የለውም፤ ያዳነው ኳስ የትም አይጻፍምና። ከዚህ የተነሣ በጎንደር አካባቢ ያለ አንድ የወገራ ልጅ ተከላካይ መሆንን የሚመርጥበት ምክንያት ያጣል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለክለቦቻችንና ለስፖርት ጋዜጠኞቻችን ነው። የግብ አስቆጣሪዎችን ሰንጠረዥ ስታወጡ ከጎኑ፣ እያንዳንዱ ተከላካይ ስንት ደቂቃ እንደተጫወተና እሱ ሜዳ ላይ ሳለ ቡድኑ ስንት ግብ እንደተቆጠረበት አብራችሁ አውጡ። ፋሲል ከነማም ሥራውን በ2013ቱ ቡድን የኋላ መስመር ይጀምረው።